ስልክም ኮምፒውተርም የሆነው መሣሪያ በባቲ ገበያ፦ የትሪዮ 650 ግምገማ በወሎ

የጉዳዩ መነሻ

በ1999 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ መቀመጫውን ደሴ ያደረገና በደቡብ ወሎና በአጎራባች ገበያዎች የቁም እንስሳትን ዋጋ እየተከታተለ የሚመዘግብ አንድ ፕሮጀክት የወረቀት ቅጹን በእጅ ኮምፒውተር ለመተካት አስቦ ነበር። እስከዚያ ድረስ የነበረው አሠራር የተለመደው ነው። መረጃ ሰብሳቢው በገበያው ቀን ከከብት ተራ ወደ ፍየል ተራ፣ ከዚያም ወደ ግመል ተራ እየተዘዋወረ የተሸጠውን እንስሳ ዓይነት፣ ፆታ፣ ዕድሜ፣ የአካል ሁኔታና ዋጋ ቅጹ ላይ ይሞላል፤ ቅጹ በመኪና ተጭኖ ደሴ ይደርሳል፤ እዚያ የመረጃ ጸሐፊዋ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ታስገባዋለች፤ ከዚያ በኋላ ሪፖርቱ ተጠናቅሮ ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ይላካል። ችግሩ የሰኞው የባቲ ዋጋ ሪፖርት ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ቀጣዩ ሰኞ ደርሶ መገኘቱ ነበር። ሳምንት ያደረ የፍየል ዋጋ ደግሞ ለነጋዴውም ለአርቢውም ታሪክ ነው እንጂ መረጃ አይደለም።

ፕሮጀክቱን የሚረዳ አንድ ለጋሽ ድርጅት ያገለገሉ ትሪዮ 650 የእጅ ኮምፒውተሮችን በነጻ ለመስጠት ፈቃደኛ መሆኑን ሲገልጽ፣ በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ግማሹ ተደሰተ፣ ግማሹ ተጠራጠረ። ዕቃው በነጻ ቢመጣም ሥልጠናው፣ መለዋወጫ ባትሪው፣ ጥገናውና ከሁሉ በላይ ደግሞ ሠራተኛው የለመደውን አሠራር ማፍረሱ በነጻ እንደማይመጣ የተረዱት የፕሮጀክቱ ኃላፊ፣ ስጦታው ከመፈረሙ በፊት የተወሰኑት መሣሪያዎች በባቲና በኮምቦልቻ ገበያዎች ላይ ተሞክረው የጽሑፍ ግምገማ እንዲቀርብላቸው ጠየቁ። ግምገማውን እንዳዘጋጅ የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። የቀረበልኝ ጥያቄ አጭር ነው፦ ይህ መሣሪያ የሰኞውን ዋጋ ሰኞ ማታ ደሴ ያደርሳል ወይስ አያደርስም?

መሣሪያው

ስልክንና የእጅ ኮምፒውተርን አንድ ላይ የማዋሃዱ ሐሳብ በዚያን ጊዜም ቢሆን አዲስ አልነበረም። በንክኪ የሚሠራው አይቢኤም ሳይመን በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን፣ ቀጠሮና አድራሻ መያዣ፣ ፋክስና ኢሜይል ነበረው፤ ሆኖም ግማሽ ኪሎ ያህል የሚመዝን፣ ባትሪውም ለአንድ ሰዓት ገደማ ንግግር ብቻ የሚበቃ ዕቃ ነበር። ይህን የማነሳው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ከመጀመሪያው መሣሪያ ጀምሮ ሁለቱ ሥራዎች የሚጣሉት በአንድ ባትሪ ላይ መሆኑን ለማስታወስ ነው። ሃንድስፕሪንግ የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ትሪዮ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ኩባንያው በቀጣዩ ዓመት ከእጅ ኮምፒውተር አምራቹ ከፓልም ጋር ተዋሃደ፤ ትሪዮ 650 ደግሞ በ2004 መጨረሻ ላይ ወጣ።

ለግምገማ የቀረበልን መሣሪያ በዘመኑ ሲታይ የሚናቅ አልነበረም። ቁመቱም ስፋቱም 320 ነጥብ የሆነ ባለቀለም ስክሪን፣ ከሥሩ ሙሉ የላቲን ፊደላት ሰሌዳ፣ 312 ሜጋኸርዝ የሆነ የኢንቴል አንጎለ ኮምፒውተር፣ ከ20 ሜጋባይት በላይ ለተጠቃሚው ክፍት የሆነ ማኅደረ ትውስታ፣ የኤስዲ ካርድ ማስገቢያ፣ ብሉቱዝ፣ አነስተኛ ካሜራ፣ እንዲሁም ተነቅሎ የሚቀየር 1800 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ነበረው። ስክሪኑ በጫና የሚሠራ ስለነበር ስታይለስ በሚባለው ቀጭን ዘንግ፣ ሲቸግርም በጥፍር ይነካል። ዋይፋይ የለውም፤ ባቲ ላይ ግን ይህን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

ያገለገለ ዕቃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ሲም ካርድ ማስገቢያው ነው። ትሪዮ 650 በሁለት ዓይነት ተሠርቶ ነበር፦ አንዱ ለጂኤስኤም ኔትወርክ፣ ሌላው አንዳንድ የአሜሪካ ኩባንያዎች ለሚጠቀሙበት ሲዲኤምኤ። የኋለኛው ሲም ካርድ የሚባል ነገር ስለማይቀበል እኛ አገር ሲመጣ ስልክነቱ ይቀራል፤ የቀጠሮ ደብተር ብቻ ይሆናል። ከውጭ የጂኤስኤም ቢመስልም ለአንድ ኩባንያ ተቆልፎ የተሸጠ ከሆነም ሳይከፈት የእኛን ካርድ አያነብም። ስለዚህ ለጋሹ ሣጥኑን ከመላኩ በፊት ዓይነቱንና መከፈቱን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ተጠየቀ። ሌላው ያሳሰበን የመለዋወጫ ነገር ነው። በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ እርሳስንና መሰል ጎጂ ንጥረ ነገሮችን የሚገድበው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2006 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል፣ ይህ ሞዴል በአውሮፓ መሸጡ አብቅቶ ነበር። ከገበያ የወጣ ዕቃ በስጦታ መልክ መምጣቱ የሚገርም አይደለም፤ ሰጪው የሚለግሰው ከእጁ ያለውን ነው። ይሁን እንጂ ተቀባዩ ባትሪው ሲደክም ተተኪውን ከየት እንደሚያገኝ ገና ሲረከብ ማሰብ ነበረበት።

ባቲ ላይ የታየው

ከደሴ ወደ ባቲ የሚወርድ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ አገር ይለዋወጥበታል። የደሴው የጦሳ ተራራ ብርድ ኮምቦልቻ ላይ ይቀራል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ባቲ ሲደርስ ከደሴ በ1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ብሏልና ፀሐዩ ሌላ ነው። የሰኞው ገበያ ደጋው ከቆላው የሚገናኝበት ነው፤ ከደጋ የወረደው ገበሬ፣ የባቲና የአካባቢው ኦሮሞ፣ ግመሉን እየነዳ የመጣው አፋር በአንድ ሜዳ ላይ ይገበያያሉ። መሣሪያውን የያዘው መረጃ ሰብሳቢ የዚያው የባቲ ልጅ ሲሆን አማርኛም ኦሮምኛም አቀላጥፎ ይናገራል፤ በአፋርኛም ለገበያ ያህል አያንስም። ግምገማው መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን የሚይዘውንም ሰው የሚመለከት በመሆኑ፣ ይህ ልጅ በወረቀቱ ዘመን ከሁሉ የተሻለ ቅጽ የሚያመጣ እንደነበር መግለጽ ተገቢ ነው። እሱ ያልቻለውን ሌላው ይችለዋል ተብሎ አይጠበቅም።

በዚያው ዘመን የፓልም መሣሪያዎች ኤፒሰርቬየርን በመሰሉ የጥናት ቅጽ መሙያ ፕሮግራሞች አማካኝነት በአፍሪካ አገሮች ለጤና ጥናት እየዋሉ ስለነበር፣ ለጋሹ ያንን ልምድ እንደ ማስረጃ አቅርቦልን ነበር። ልምዱ እውነት ነው፤ ከእኛ ሥራ ጋር ግን አይገጥምም። የጤና ጠያቂ ቤት ገብቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ለአንዲት እናት ጥያቄ በጥያቄ እያነበበ ይሞላል። የገበያ መረጃ ሰብሳቢ ቆሞ፣ እየተገፋ፣ ድርድሩ የሚያልቅበትን ቅጽበት እየጠበቀ፣ አንዱ ሙክት ተሸጦ ሳይጨርስ ሌላው ሲያልቅ እያየ ነው የሚጽፈው። በወረቀት ላይ ዋጋውን ብቻ ጫር አድርጎ የቀረውን በኋላ ይሞላዋል፤ ቅጹ መስመር ቢዘለል አይቆጣም። የመሣሪያው ቅጽ ግን ዓይነቱ ሳይመረጥ ወደ ፆታ፣ ፆታው ሳይመረጥ ወደ ዕድሜ አያሳልፍም። ይህን ካየን በኋላ ዋጋው በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲሆን ቅጹ እንደገና ተሠራ፤ ሥራው ግልጽ በሆነ መንገድ ቀለለ። ለመሣሪያው የሰጠሁት የመጀመሪያው መልካም ነጥብ ይኸው ነው፦ ቅጹን በአንድ ምሽት መለወጥ ይቻላል፣ የታተመ ወረቀት ግን የታተመ ነው።

የፊደሉ ጉዳይ ሌላ ራስ ምታት ነበር። የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር ላይ ወደሚወከሉበት መለኪያ፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትም ቢሆንም፣ ትሪዮን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር፣ ፓልም ኦኤስ፣ ዩኒኮድን የሚያውቅ ሥርዓት አልነበረም፤ ስለዚህ አማርኛ ሊጻፍበትም ሊነበብበትም አይችልም። ዊንዶውስ ሞባይል የተጫነባቸው ተመሳሳይ መሣሪያዎች በዩኒኮድ ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ ቢያንስ ፎንት ተጭኖባቸው ማንበብ ይቻል ነበር፤ እነሱ ግን ስጦታው ውስጥ አልነበሩም። የቦታና የእንስሳት ስም በላቲን ፊደል በነጻ እንዲጻፍ ሲተው ተሁለደሬ ብቻዋን በየሰው እጅ የተለያየ መልክ ይዛ መጣች፣ ጠቦቱም በ«ጠ»ና በ«ተ» መካከል ሲዋልል ቆየ። መፍትሔው ምንም ነገር እንዳይጻፍ ማድረግ ነበር፤ ሁሉም ከተዘጋጀ ዝርዝር ውስጥ በንክኪ ይመረጣል፣ በጣት የሚጻፈው ቁጥር ብቻ ይሆናል። ይህ ሲደረግ ደግሞ ለጋሹ ከሁሉ በላይ ያሞገሰው የፊደላት ሰሌዳ ሥራ ፈቶ ቀረ።

ከሁሉ በላይ ግምት ውስጥ ያልገባው የነጋዴው ዓይን ነበር። ግመል ተራ ላይ አንድ በዕድሜ የገፉ ነጋዴ ልጁን አስቁመው ከእጁ ላይ ያለውን አተኩረው ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ ይቺ የያዝሃት ነገር ትደውላለች አይደል? ለማን ነው የምትደውለው?» አሉት።

«አባባ፣ ዋጋ ልመዝግብባት ነው እንጂ ለማንም አትደውልም» አላቸው።

«ካልደወለች ስልክ ለምን ሆነች?» አሉና የሸጡበትን ዋጋ ሳይነግሩት ሄዱ።

ሰውየው የፈሩት ግብርን ነው፤ ከጎናቸው የነበሩትም ደላሎች ይህንኑ አልደበቁም። ፍርሃቱ በወረቀቱም ጊዜ ነበረ፤ ነገር ግን ወረቀቱ ራሱ መድኃኒት ነበረው። ልጁ የጻፈውን መስመር አዙሮ ያሳያል፣ ስም የሚጻፍበት ቦታ እንደሌለ ነጋዴው በዓይኑ ያያል፣ አንዳንዴም «ኧረ እሱስ ሁለት ጥርስ ነው፣ አራት አልኩህ እንዴ?» ብሎ ራሱ ያርመዋል። ያ እርማት ለመረጃው ጥራት ያለው ዋጋ ከማንኛውም የኮምፒውተር ማጣሪያ ይበልጣል ባይ ነኝ። የመዳፍ ግማሽ የማይሞላ፣ በቀትር ፀሐይ ላይ በጥላ ካልሆነ የማይነበብ፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ፣ ከኋላው ደግሞ የካሜራ ዓይን ያለበት ስክሪን ላይ ግን ነጋዴው የሚያየውም የሚያርመውም ነገር የለም። ካሜራው በቁራጭ ፕላስተር ተሸፈነ፤ ጥርጣሬው ግን ከፕላስተሩ በላይ ነበር።

ስለ አቧራ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በስክሪኑ ጠርዝ የገባው ደቃቅ አሸዋ አንዳንዴ ያልተነካውን ያስነካል፤ መሣሪያው በግልጽ ላስቲክ ተጠቅልሎ ሲያዝ ችግሩ ቀነሰ።

የአንድ ባትሪ ሁለት ጌቶች

ከደሴ ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ የወጣ መሣሪያ ባቲ ላይ ከሰዓት በኋላ ሲደክም፣ መጀመሪያ የተጠረጠረው የባትሪው እርጅና ነበር። ባትሪ ተቀያይሮ ሲሞከር ግን ውጤቱ ብዙም አልተለየም፤ ያው መሣሪያ ደሴ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሲውል ደግሞ እስከ ማግሥቱ ይቆያል። ልዩነቱ ያለው በስልኩ ክፍል ነው። የጂኤስኤም ስልክ ከጣቢያው በራቀ ቁጥር ድምፁን ለማሰማት የሚያወጣውን ኃይል ይጨምራል፤ በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የእጅ ስልክ እስከ 2 ዋት ድረስ ሊደርስ ይችላል። ጣቢያው ጨርሶ ሲጠፋበት ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የሚያውቃቸውን ሞገዶች ሁሉ እየዳሰሰ ጣቢያ ፍለጋ ይቀጥላል። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ያለው መንገድ በተራራ ተከልሎ ኔትወርኩ ሲመጣና ሲሄድ የሚውልበት ስለነበር፣ መሣሪያው ገበያው ሳይደርስ ገና በመንገድ ላይ በፍለጋ ብዙ ኃይል ይጨርስ ነበር። ማንም ሳይደውልበት፣ ማንም ሳይጽፍበት።

ለዚህ መላ አለው። ቀዩ ቁልፍ ለጥቂት ጊዜ ተጭኖ ሲያዝ የስልኩ ክፍል ብቻ ይጠፋና ኮምፒውተሩ ሥራውን ይቀጥላል። ልጁ ከኮምቦልቻ ሲነሳ ስልኩን አጥፍቶ፣ ገበያውን ጨርሶ ሲከፍተው ባትሪው ቀኑን ሙሉ ውሎ ይተርፋል። በዚህ አሠራር ግን ሱፐርቫይዘሩ ገበያ ላይ ያለውን ልጅ በስልክ ሊያገኘው አይችልም፤ የመሣሪያው ልዩ ጥቅም ተብሎ የቀረበው ደግሞ ይኸው መገናኘቱ ነበር። ስልኩ ሲበራ ኮምፒውተሩን ይበላዋል፤ ኮምፒውተሩ እንዲሠራ ሲባል ስልኩ ይዘጋል። ሁለት አገልግሎት አለው የተባለው መሣሪያ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው አንዱን ብቻ ሆነ።

ስልኩ ተከፍቶ በሚውልበት ቀን የታየው ሌላ ችግር ከዚህም የረቀቀ ነው። ፓልም ኦኤስ በአንድ ጊዜ አንድ ፕሮግራም ብቻ የሚያሠራ ሥርዓት በመሆኑ፣ ቅጽ እየተሞላ ሳለ ስልክ ተደውሎ ልጁ ሲያነሳው የቅጹ ፕሮግራም ይዘጋና የስልኩ ፕሮግራም ቦታውን ይይዛል። እኛ የተጠቀምንበት የቅጽ ፕሮግራም ሲዘጋ ያላለቀውን መዝገብ እንዳለቀ ቆጥሮ ያስቀምጠዋል። ደሴ ላይ መረጃው ሲገለበጥ ዋጋቸው ዜሮ የሆነ ወይፈኖችና ፆታቸው ያልታወቀ ፍየሎች የተገኙት በዚህ ምክንያት ነው። የመዝገቡ ሰዓትና የስልኩ የጥሪ ዝርዝር ጎን ለጎን ሲታዩ ባዶዎቹ መዝገቦች ከጥሪዎቹ ጋር አንድ በአንድ ገጠሙ። አብዛኞቹ ጥሪዎች ደግሞ ከራሱ ከጽሕፈት ቤቱ «የት ደረስክ?» ለማለት የተደወሉ ነበሩ።

ለመሣሪያው ሙሉ ምስጋና የሚገባበት ቦታም አለ። ባትሪው ሙሉ በሙሉ ባለቀበት ጊዜ እንኳ አንድም መዝገብ አልጠፋም። ከእሱ በፊት በነበረው ትሪዮ 600 ላይ ማኅደረ ትውስታው ኃይል ሲያጣ የያዘውን የሚጥል ዓይነት ስለነበር፣ ባትሪው ጨርሶ ሲሞት መረጃውም አብሮ ይሄድ ነበር። ትሪዮ 650 ላይ ግን መረጃው ያለ ኃይል በሚቆይ ፍላሽ ላይ ይቀመጣል። ለገጠር ሥራ ከካሜራውም ከብሉቱዙም ከፊደል ሰሌዳውም በላይ የሚመዘን ባሕርይ ይህ ነው፤ በማስታወቂያው ወረቀት ላይ የተጠቀሰው ግን በታችኛው ጥግ ነበር።

ዋጋው እንዴት ደሴ ይድረስ

ዋናው ጥያቄ የሰኞውን ዋጋ ሰኞ ማታ ማድረስ እንደነበር ተገልጿል። ለጋሹ ያሰበው መረጃው በአጭር መልእክት ከባቲ እንዲላክ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የተቋረጠው የአጭር መልእክት አገልግሎት እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ባለመመለሱ፣ ይህ ክፍል በሙከራው ጊዜ ሊታይ እንኳ አልቻለም። የቀረው መንገድ መሣሪያውን ደሴ ድረስ ይዞ መጥቶ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ነው። ይህም መረጃውን ደሴ የሚያደርሰው ያው የድሮው መኪና ነው ማለት ነው።

ያም ሆኖ አንድ ትልቅ ጥቅም ተገኝቷል፤ የመረጃ ጸሐፊዋ ከእንግዲህ ቅጽ አትተይብም። ገመዱ ተሰክቶ ቁልፉ ሲጫን የገበያው መረጃ በአፍታ ይገለበጣል። እሷ በግምገማው ስብሰባ ላይ ከሁሉም በጠነከረ ቃል የተከራከረችው ለመሣሪያው ነበር፤ ልክም ነበረች። መተየቡ ጊዜ መብላቱ ብቻ አይደለም፤ የ300 ብሯ ፍየል በተየባ ስሕተት 3000 ብር ሆና ሪፖርት ውስጥ የገባችበት ጊዜ አለ፤ መሣሪያው ላይ ግን ከወሰን ያለፈ ዋጋ ሲጻፍ እዚያው ገበያው ላይ ይጠይቃል። ከዚህ ተነሥቶ ቀኑ ያለፈበትን ዋጋ ያጓተተው በአብዛኛው መኪናው ሳይሆን ተየባው መሆኑ ግልጽ ሆነ። ይህን ያወቅነው ግን የመሣሪያውን ብልጫ ስንፈልግ ነው እንጂ ወረቀቱን ስንመረምር አልነበረም።

በመካከሉ ማንም ያላቀደው ነገር ተፈጠረ። ልጁ ገበያውን ሲጨርስ ስልኩን ከፍቶ ደሴ ይደውልና የዋና ዋናዎቹን እንስሳት አማካይ ዋጋ በቃል ያነብባል፤ ጸሐፊዋ ትጽፋለች። ሰኞ ከሰዓት በኋላ የባቲ ዋጋ ደሴ ላይ ተገኘ። የተፈለገው ሁሉ የተገኘው በድምፅ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ትሪዮ አያስፈልግም፣ ማንኛውም ስልክ ይበቃል።

የቀን መቁጠሪያው

መሣሪያው እያንዳንዱን መዝገብ በራሱ ቀንና ሰዓት ያትማል። ቀኑ የፈረንጅ ነው፤ ሰዓቱም እንደዚያው ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል። የሰዓቱ ልዩነት ቋሚ ስድስት ስለሆነ በቀላሉ ተስተካከለ። ለቀኑ ግን በደሴው ኮምፒውተር ላይ የመቀየሪያ ሠንጠረዥ ተሠራ፣ እስከ ጳጉሜም በትክክል ሠራ። 1999 ዓ.ም. ጳጉሜው ስድስት የሆነበት ዓመት በመሆኑ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ሠንጠረዡ ደግሞ መስከረም ሁልጊዜ በሴፕቴምበር 11 እንደሚጠባ ይቆጥራል። በዚህም ምክንያት ሴፕቴምበር 17 የተመዘገበው የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ የባቲ ገበያ ሪፖርቱ ላይ መስከረም 7፣ ማክሰኞ ሆኖ ወጣ። ባቲ ላይ ማክሰኞ የቁም እንስሳት ገበያ እንደማይውል የማያውቅ ሰው ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ስላልነበረ ስሕተቱ ወዲያው ታየና ቀኑ ወደ መስከረም 6 ተመለሰ። መረጃው ወደ አዲስ አበባ ቢላክ ኖሮ ማን ያየው ነበር? ልዩነቱ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2008 ድረስ የሚዘልቅ ስለሆነ፣ ሠንጠረዡ የጳጉሜን ስድስተኛ ቀን እንዲያውቅ ተደርጎ እንደገና ተጻፈ። ስጦታ የሚሰጥ ሁሉ ስለ ቮልቴጅ ይጠይቃል፤ ስለ ጳጉሜ የጠየቀን አልነበረም።

የቀረበው ሐሳብና የተወሰነው

በጽሑፍ ያቀረብኩት ድምዳሜ ትሪዮ 650 ለመረጃ ሰብሳቢዎች እንዳይታደል የሚል ነው። ምክንያቱ የመሣሪያው ደካማነት አይደለም፤ በየክፍሉ ሲታይ ጥሩ ስልክም ጥሩ የእጅ ኮምፒውተርም ነበር። ምክንያቱ ሁለቱ በአንድ ባትሪና በአንድ ስክሪን ላይ ሲገናኙ ለገበያ ሥራ አንዱ የሌላው እንቅፋት መሆናቸው፣ እንዲሁም ስልክነቱ ነጋዴውን ማሸሹ ነው። በምትኩ መረጃ ሰብሳቢው የተሻሻለ የወረቀት ቅጽና አንድ ተራ ስልክ እንዲይዝ ሐሳብ ቀረበ። ቅጹ ከመሣሪያው የተማርነውን ይዞ ዋጋው በመጀመሪያው ዓምድ ላይ ተቀመጠበት፣ ስም የሚጻፍበት ቦታ እንደሌለም በጉልህ እንዲታይ ተደርጎ ታተመ። ስልኩ ለአፍሪካና መሰል ገበያዎች በብዛት የተሠራው ኖኪያ 1100 ዓይነት ሲሆን፣ ባትሪው ለቀናት የሚቆይ፣ ጫፉ ላይ ባትሪ መብራት ያለው፣ ነጋዴው ሁሉ የሚያውቀውና የማይፈራው ነው።

ሐሳቡ በስብሰባው ላይ በቀላሉ አላለፈም። አንዱ ባልደረባ፣ «ሰው ወደ ፊት ሲሄድ እኛ ዘመናዊ ዕቃ መልሰን ወረቀት እንታቀፍ?» ሲል፣ ሌላው ደግሞ ስጦታ የመለሰ ፕሮጀክት ሁለተኛ እንደማይሰጠው አስጠነቀቀ። የሁለተኛው ሥጋት ከመጀመሪያው የከበደ ነበር፤ ለጋሽ የሚቀየመው ዕቃው ሳይሠራበት ሲቀር ሳይሆን «አልፈልግም» ሲባል ነው። ከጸሐፊዋ ክርክር ጋር ተደምሮ ውሳኔው መካከለኛ ሆነ። ሁለት መሣሪያዎች ተወስደው ለሱፐርቫይዘሮች ተሰጡ። ሱፐርቫይዘሩ ስልኩን አጥፍቶ፣ ገበያው ሲበተን ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ፣ የልጆቹን ቅጾች እያነበበ ወደ ትሪዮው ያስገባል፤ ከወሰን ያለፈ ዋጋ ካለ ልጁ ከጎኑ ስለሆነ ወዲያው ይጠይቀዋል። በዚህ ተየባው ከደሴ ወደ ባቲ ተዛወረ። ለመግፋቱም ለፀሐዩም ለነጋዴውም ዓይን መሣሪያው መጋለጡ ቀረ። የቀሩትን መሣሪያዎች ለጋሹ በቤት ለቤት ጥናት ለሚሠራ ሌላ ፕሮግራም አዛወራቸው፤ እዚያ ከእኛ የተሻለ እንደሚያገለግሉ አልተጠራጠርኩም።

የአጭር መልእክት አገልግሎት በ2000 ዓ.ም. መባቻ ላይ ሲመለስ የቃል ንባቡ በመልእክት ተተካ። መልእክቱ የገበያውን ቁጥር፣ የእንስሳውን ቁጥርና ዋጋውን ብቻ የያዘ፣ ከአኃዝ በቀር ምንም ፊደል የሌለበት እንዲሆን ተደረገ፤ ስለዚህ የፊደልም ሆነ የተሁለደሬ አጻጻፍ ጥያቄ አልተነሣበትም፣ ቀኑም ደሴ ላይ በደረሰበት ቀን ይመዘገባል። ሁለቱ ትሪዮዎች ባትሪያቸው ደክሞ መተካት ሲኖርባቸው በወጣው የግዢ መስፈርት ላይ በመጀመሪያ የተጻፈው በአካባቢው የሚገኝ መለዋወጫ ባትሪ ሲሆን፣ ቀጥሎ ኃይል ሲቋረጥ መረጃ አለመጥፋቱ፣ ከዚያም የአማርኛ ፊደል ማሳየቱ ተዘረዘረ። ስልክ መሆኑ ከመስፈርቱ ውስጥ አልገባም።